ቅጽል በልጄ ላይ

ያን ዓመት ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ባለቤቴ ሥራው ፍኖተ ሰላም ስለሆነ የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ሞግዚቷ ለእህቷ ሠርግ አገሯ በሄደች ጊዜ የሰባት ወር ልጄን አዝዬ ክፍል ከመግባት ሌላ ምርጫ አልነበረኝም።

የዕለቱ ትምህርት ቅጽል ነበር። ትልቅ፣ ወፍራም፣ ቆንጆ የሚሉትን በእንግሊዝኛ ሰሌዳው ላይ ጻፍሁና ልጄን ከጀርባዬ አውርጄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኋት። ግለጿት አልኋቸው። ክፍሉ ጭጭ አለ። ትምህርቱ ያልገባቸው መስሎኝ ተናደድሁ፤ እኔ ስናደድ ጠመኔ እሰብራለሁ፣ ሰበርሁ። በመጨረሻ አንዱ "ሺ ኢዝ ፋት" አለ፤ ሌላዋ "ሺ ኢዝ ቢዩቲፉል" አለች፤ ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁማቸው። ልጄም በድዷ ትስቅላቸዋለች። ፊት ወንበር የምትቀመጠው ልጅ ብቻ ትንፍሽ አላለችም። ስንወጣ ተከትላኝ መጥታ ዝቅ ባለ ድምፅ፦

"ቲቸር፣ እባክዎ እንትፍ እንትፍ ይበሉባት" አለችኝ።

ስቄ አለፍኋት።

ከሰዓት በኋላ ልጄ እንደ እሳት ጋለች፤ ጡትም እንቢ አለች። አከራዬ፣ ትልቅ ሴት ናቸው፣ ግንባሯን ዳስሰው ዛሬ ማን እንዳያት ጠየቁኝ። ምን ልበላቸው? ክፍል ሙሉ ልጅ ሰብስቤ በወፍራምና በቆንጆ አስወገርኋት ልበል? በባጃጅ ቡሬ ጤና ጣቢያ በረርሁ። ነርሷ ሳንባዋን ብርድ እንደመታት ነግራኝ መድኃኒት ሰጠችኝ፤ እስከ ነገ ካልበረደላት ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ውሰጃት አለች። መስታወት የሌለው የክፍሌ መስኮት ትዝ አለኝ። ምክንያቱ እሱ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ስመለስ የባጃጁ ሾፌር እንዳያያት ፊቷን በነጠላዬ ሸፍኜ ነበር። እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም።

በማግሥቱም ትኩሳቱ አልወረደም። ወደ ፍኖተ ሰላም ልሄድ ልብሷን ስሸክፍ ከአጥሩ ውጭ ኮቴ ሰማሁ። ተማሪዎቼ ናቸው። ግቡ ብላቸው አልገባ አሉ፤ ልጄን ላለማየት ፊታቸውን ወደ በቆሎው ማሳ አዙረው ቆሙ። የፊት ወንበሯ ልጅ ጉሮሮዋን ጠረገች።

"ቲቸር፣ ዩር ቤቢ ኢዝ አግሊ።"

አስቀያሚ ናት ማለቷ ነው። እኔ ያላስተማርኋቸውን ቃል ከየት እንዳመጡት እንጃ። ተራ በተራ ቀጠሉ፤ ቀጭን ናት፣ ትንሽ ናት፣ መጥፎ ናት፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ። ከኋላ የቆመ አንድ ትንሽ ልጅ የሚለው ሲያጣ "ሺ ኢዝ ሲክ" አለ፤ ታማለች። ሁሉም ዞረው አፈጠጡበት። ልጁ ሊያለቅስ ደረሰ። ከተባለው ሁሉ ግን እውነቱ እሱ ብቻ ነበር። ልጄ ከውስጥ ታቃስታለች።

"ኖ" አልሁ በሩን ተደግፌ። "ሺ ኢዝ አግሊ።"

ደገምሁት። እነሱም ክፍል ውስጥ እንደለመድነው ተከትለውኝ አሉት።

ልጄ ሆስፒታል ሰንብታ ዳነች። ያዳናት መድኃኒቱ ነው፤ ለጠየቀኝ ሁሉ የምመልሰው ይህንን ነው። አሁን ሮጣ አትያዝም። ቅጽል ባስተማርሁ ቁጥር ግን የማስገልጸው ጠረጴዛውን ነው።