የእናትነሽ ሆድና የጥቅምት ማርያም ማኅበር

ፍኖተ ሰላም ውስጥ እናትነሽን የማያውቅ የለም። የወረዳው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ናት፤ እኔና እሷ አጥራችን አንድ ነው። ማንም ቢመጣ በአፍ አይችላትም። ታዲያ እንዲህ ያለችዋን ሴት ሆዷ አሸነፋት ብል ማን ያምነኛል?

ሦስት ወልዳለች፤ ሆዷ ወጣ ብሏል፤ በቃ፣ ምን ይሁን ነው! አንድ ቀን ከቡሬ ስትመለስ የሚኒባሱ ረዳት «ኧረ ለነፍሰ ጡሯ ተነሡላት!» ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ምላሱን ይቁረጠውና! የዚያን ለት ቤቷ ገብታ ስታለቅስ ዋለች።

ከዚያ በ2006 ጥቅምት «ጸበል ልገባ ነው» ብላን ሄደች። ባሏ መምህር ዘመኑም አመነ፣ እኔም አመንኩ። በሶ እንኳ የቋጠርኩላት እኔ ነኝ! ለካ የሄደችው አዲስ አበባ ኖሯል፤ የሆድ ስብ በቱቦ እየመጠጠ የሚያወጣ ክሊኒክ።

ሐቁን ልናገር፣ ሐኪሙ ነግሯታል። ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል፤ ሰውነትሽ ወጣ ገባ ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ እግርሽ ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል፤ ካበጠ እንዳይታሽ፣ የረጋው ሳንባ ከገባ ይገድላል፤ ለጊዜው ሩቅ መንገድ አትሂጂ ብሏታል። እሷ ግን የማርያም ማኅበር ተረኛ ነበረች። ጠላው በእኔ እጅ ተጠምቆ፣ ማኅበርተኛው ቀኑን እየጠበቀ፣ ተረኛዋ ልትቀር? በእኛ አገር ይኼ አይታሰብም! ሆዷን ጥፍር አድርጋ አስራ ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ተቀምጣ መጣች።

በማኅበሩ ዕለት ገና ዳቦው ሳይቆረስ ባቷ አብጦ ተወጠረ፣ ትንፋሽ አጠራት። «የጸበል ብርድ ነው» አልን። «ምች ነው» ያለችም አለች። ሰፈሩን ሁሉ የሚያሹት መነኩሴ፣ እማሆይ ወለተ ሐና፣ እጃቸውን ቅቤ ቀብተው ተጠጉ።

«አምጭው እስቲ እግርሽን ልጄ፣ አሽቼ ብርዱን ላውጣልሽ።»

«ይቅርብኝ እማሆይ።»

«ምን ይቅርብኝ ትላለች! ያዟት እስቲ።»

ያዝናት። ትከሻዋን የያዝኩት እኔው ነኝ። ቄሱ አሉ፣ ባሏ አለ፣ ቤቱ ግጥም ብሏል። ዝም ብትል እንደምትሞት የምታውቅ እሷ ብቻ ናት፤ ብትናገር ደግሞ በማርያም ማኅበር ፊት ውሸታም ልትባል ነው። ፊቷ አመድ መሰለ።

«አትንኩኝ!» ብላ ጮኸች። «ጸበል አልገባሁም! አዲስ አበባ ሄጄ ሆዴን አስመጥጬ ነው የመጣሁ! እግሬ ውስጥ ደም ረግቷል፤ ሐኪም ቤት ውሰዱኝ!»

በስመ አብ! እማሆይ ቅቤ የነካ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ።

«ለእኔ እንኳ?» አለ ዘመኑ።

«ለአንተማ ብነግርህ ትከለክለኝ ነበር! አሁን ባጃጅ ጥራ፣ ኋላ ትቆጣኛለህ!»

እዚህ ሐኪም ቤት አይተው ወደ ባሕር ዳር ላኳት። የረጋው ደም ሳንባዋ ገብቶ ኖሯል። ደም የሚያቀጥን መርፌ እየወጉ አሰነበቷት፤ ተመስገን፣ ተረፈች። ሆዷ ግን እንደ ታረሰ ማሳ ወጣ ገባ ሆኖ ቀረ፣ እግሯም ብዙ ስትቆም ያብጣል።

ከዚያማ ወሬው! «ጸበል ብላ የዋሸች ከማኅበር ትውጣ» ያሉ ነበሩ፤ እኔ ነኝ አፋቸውን ያስያዝኩ። በቀጣዩ ወር አንዷ ማኅበርተኛ «እንግዲህ ነገሩን አታንሺው፣ ያሳፍራል» ስትላት እናትነሽ ብድግ አለች።

«አነሣዋለሁ! ንስሐዬን ለነፍስ አባቴ ጨርሻለሁ፤ ለእናንተ ደግሞ ሆዴን አሳያችኋለሁ።»

ቄሱ እስኪወጡ ጠብቃ ገልጣ አሳየች። ጠባሳውን፣ ጉብታውን፣ ጎድጓዳውን። ከንፈር የሚመጥም፣ ፊቱን የሚያዞርም ነበር።

«መሄድ ያማራት ትሂድ፣ አልከለክልም» አለች። «ግን ሐኪሙ ያላትን ሰምታ፣ ለባሏም፣ ለጎረቤቷም፣ ለሚያሿትም ነግራ ትሂድ!»

እማሆይ ራሳቸው «እውነትሽን ነው ልጄ» ብለው ሆዷን ሸፈኑላት።

ባለፈው አብረን ከቡሬ ስንመለስ ሚኒባሱ ሞልቷል። ረዳቱ አያትና «ለነፍሰ ጡሯ ቦታ ልቀቁ!» አለ። ልሰድበው አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ነፍሰ ጡር አይደለሁም፤ ሆዴ ነው!» አለች፣ መኪናው ሁሉ እስኪሰማ። ከዚያ ፊት ለፊቷ ወደተቀመጠው ጎረምሳ ዞረች። «አንተ ግን ተነሥልኝ፤ እግሬን ያመኛል።»

ተነሣላት፤ ሆዷን ይዛ ቁጭ አለች።