ጉልበት ቤቱና የማርያም ዕለት በረዶ

ንፋስ መውጫ የገባሁት ከደብረ ታቦር በተከራየሁት በቅሎ ነው። ዘመኑ የጃንሆይ ነበር፤ መኪና ገና እዚያ አልደረሰም። በቅሎ መቀመጥ አልለመድኩም ነበርና ከኮርቻው ስወርድ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ተብዬ እያነከስኩ ትምህርት ቤት ገባሁ።

ዲሬክተሩ ከላይ እስከ ታች አየኝ። "የምን መምህር ነህ?"

"የሰውነት ማጎልመሻ።"

ወደ መስኮቱ ዞሮ ተማሪዎቹን አሳየኝ። "እነዚህ ልጆች ከሲማዳና ከእስቴ ድረስ ስንቃቸውን ተሸክመው፣ ገደል ወርደው ገደል ወጥተው የሚመጡ ናቸው። አንተ ደግሞ ምን ልትጨምርላቸው ነው?"

ጥያቄው ዛሬ ይጥመኛል፤ ያን ዕለት ግን አናዶኝ ነበር። ቆይ አሳይሃለሁ ብዬ በሆዴ ዛትኩ።

በመምህራን ማሠልጠኛው የለመድኩት ከአግዳሚ ብረት ላይ ተንጠልጥሎ መገልበጥ ነው። ብረት ከየት ይምጣ? በትምህርት ቤቱ ሜዳ ጫፍ፣ ከገበያው ፊት ለፊት፣ ሁለት የባሕር ዛፍ ምሰሶ አቆምኩና በላያቸው ወይራ አጋደምኩ። ወይራውን በጠርሙስ ስባሪ ፍቄ፣ እጅ እንዳይልጥ ቅቤ ቀባሁት። በሥራዬ ኮርቼ ተኛሁ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር፤ ገበያ። ከየአጥቢያው የመጣው ሰው እህሉን አውርዶ ምሰሶዎቼን ከቦ ቆመ። ማንም አይስቅም፣ ማንም አያወራም። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው በቀስታ ጠየቁኝ።

"ማንን ሊሰቅሉ ነው፣ ልጄ?"

"እኔን!" አልኩና ዘልዬ ወይራው ላይ ተንጠለጠልኩ። ቀልዴን የተረዳኝ አልነበረም። አንዲት ሴት ኡኡ አለች፤ ጥቂት ሳይቆይ ከአውራጃ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት ፖሊስ መጥቶ ያለ ፍርድ መስቀያ ያቆመው ማን እንደሆነ መጠየቅ ጀመረ። ዲሬክተሩ ነገሩን ሲሰማ እስኪያነባ ሳቀ፤ ስቆ ሲያበቃም ከገበያው ዓይን እንዳርቀው አዘዘኝ።

ያዳነኝ ቆዳ ነጋዴው አቶ ሰይድ ነው። ከሱቁ በር ሆኖ ሁሉንም ሲያይ ኖሯል። "ቆዳዬን ወደ ደሴ ጭኜዋለሁ፤ መጋዘኑ ባዶ ነው። እዚያ ገብተህ ተንጠልጠል፣ መምህር። ብቻ እኔም ገብቼ እንዳይ ፍቀድልኝ" አለኝ። ቁልፉን በነጻ ሰጠኝ። ሰውየው ነገር ማየት ይወዳል፤ ወዳጅነታችንም የጀመረው በዚሁ ነው።

የመጋዘኑ ሽታ ለብቻው ትምህርት ነበር። የመጀመሪያውን ሳምንት ተማሪዎቼ በአንድ እጃቸው አፍንጫቸውን ይዘው በሌላው ይንጠለጠሉ ነበር። ወይራውን ከግድግዳ ግድግዳ አጋደምኩት። ለኳስ የበግ ቆዳ ገለባ ጠቅጥቀን ሰፋን። ከጣሪያው ማገር ላይ አናጢ ያበጀልኝን የእንጨት መዘውር ሰቀልኩና ጠፍር አሳለፍኩበት። ሰው ቤቱን ጉልበት ቤት አለው፤ ጅምናስቲክ ብዬ ያወጣሁለት ስም የትም አልደረሰም።

የጎደለን በእጅ የሚያነሡት ክብደት ነበር። በየጓሮው ዞሬ ያረጀ መጅ ለመንኩ። መጅ ሴቶች ወፍጮ ላይ አጎንብሰው እህል የሚፈጩበት ድንጋይ ነው፤ ሲያልቅ ይጣላል። ለእጅ የሚመች፣ ለስላሳ፣ ከበድ ያለ ነገር ነው፤ ከዚያ የተሻለ ከየት ይመጣል ብዬ ደስ አለኝ። ተማሪዎቹ ግን ወደ ኋላ ሸሹ። መጅ የሴት ነው! ወንድ ልጅ መጅ ይዞ ቢታይ ሚስት አያገኝም አሉኝ። ሰፈርተኛው ሴት ሁሉ በር ላይ ቆሞ "መቼ ነው የምትፈጩልን?" እያለ ያላግጥብን ጀመር። መጆቼ ጥግ ላይ ተደርድረው አቧራ ጠጡ።

መጀመሪያ ያነሣቸው ቢተው ነው።

ቢተው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አጥቢያ የሚኖር ገበሬ ነበር። ከወገዳ ገበያ ሲመለስ በቅሎ ጥላው ቀኝ ክንዱ ተሰብሯል። ወደ እኔ ያመጡት አያ ዋሴ የሚባሉት የአገሩ ወጌሻ ናቸው። በሩ ላይ ቆመው ወይራውን፣ ጠፍሩን፣ መዘውሩን ተራ በተራ ሲመረምሩ ቆዩና ክንዱን አሳዩኝ።

"አጥንቱን እኔ ገጥሜዋለሁ፤ እንከን የለውም። ጅማቱ ግን ተኮማትሮ እንቢ አለኝ። አሸሁት፣ አሸሁት፣ እጄ ዛለ። አንተ ዘንድ የሚጎትት ነገር አለ ቢሉኝ ነው የመጣሁ።"

ክንዱ ከእምብርቱ በላይ አይወጣም ነበር። እርፍ መጨበጥ፣ ጨብጦም መሬት ላይ መጫን አይችልም። የዚያን ዓመት መሬቱን የአጎቱ ልጅ በእኩል አርሶለታል፤ እሱም ከምርቱ ግማሹን መውሰዱ አልበቃ ብሎት በየሰዉ ፊት "እጅ የሌለው ሰው መሬት ምን ያደርግለታል?" ማለት ጀምሯል። ቢተው ይህን ሲነግረኝ ድምፁን ከፍ አላደረገም። የሚቀጥለውም እርሻ ካመለጠው መሬቱ ከእጁ እንደሚወጣ ግን ሁለታችንም ገብቶናል።

የምችለው መሆኑን አላውቅም ነበር። የተማርኩት ጤነኛ ሰው ማገላበጥ ነው። አያ ዋሴ የቱ ጋ እንደሚያመው በጣታቸው እየነኩ ያሳዩኛል፣ እኔ ጠፍሩን አስረዝማለሁ ወይም አሳጥራለሁ፤ እንዲህ ተጋግዘን ጀመርን። ቢተው በግራ እጁ ጠፍሩን እየጎተተ ቀኙን ወደ ላይ ያስወጣዋል። ቀኙ ጥቂት ሲፈታ መጅ አስያዝኩት። ሴቶቹ በር ላይ ሳቁ። "ይሳቁ፤ እኔ እንኳን መጅ እንሥራም እሸከማለሁ" አለ።

የሚመጣው ግን በበዓል ቀን ብቻ ነበር። በሥራ ቀን በአንድ እጁም ቢሆን ከብትና አረም አለበት፤ ገበሬ እጁን የሚያሳርፈው ሚካኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ ሲሆን ነው። እኔ ከተሜው ይህን ያሰብኩት የቀን ምቾት አድርጌ ነው፤ ሌላ ነገር ይኖርበታል ብዬ አልጠረጠርኩም።

በመስከረሙ ማርያም ዕለት ቢተው ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጣ። ክንዱ አገጩ ደርሶ ነበር። መጁን ከፍ ዝቅ ሲያደርግ ከደጅ ብዙ ሰው አየው። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ወረደ። ከተማውን ነክቶ ብቻ አለፈ፤ የቢተውን አጥቢያ እሸት ገብስ ግን ከአፈር ደባለቀው።

በዚያ አገር በዓል የተሻረ እንደሆነ በረዶ የሚወርደው በሻሪው ማሳ ላይ ብቻ አይደለም፤ በመላው አጥቢያ ላይ ነው። ሰዎቹ የሻረውን ፈለጉ። ሩቅም አልሄዱ፤ በማርያም ዕለት መጅ የጨበጠ ሰው ነበረ።

ሽማግሌዎቹ ዘንግ ይዘው መጡ። አልተቆጡም፤ ይህም የባሰ አስፈራኝ። "መምህር፣ አንተ እንግዳ ነህ፤ አንወቅስህም። ይህ ቤት ግን ይዘጋ። ቢተውም ከእንግዲህ ከወንፈላችን ወጥቷል" አሉ። ወንፈል ማለት ገበሬዎች በተራ እየተጋገዙ የሚያርሱበት ነው። ከዚያ የወጣ ሰው ብቻውን ቀረ ማለት ነው።

አቶ ሰይድ ወደ ጎን ሳብ አደረገኝ። "በእናንተ በዓል ገብቼ አልከራከርም። ቁልፉን ንሣ ካሉኝ ግን እነሣለሁ፤ የምኖረው ከእነሱ ጋር ነው።" አልተቀየምኩትም።

ቢተው ብቻ ቀኝ እጁን እስከ አገጩ አንሥቶ አሳየኝ። "ሊዘጋ ነው? እኔ እኮ ገና እዚህ ነኝ" አለኝ።

በመጨረሻ ነገሩን አለቃ ፀዳሉ ይዩት ተባለ። አለቃ በዚያው አገር ባለችው በቤተ ልሔም ደብር ድጓ ሲያስተምሩ ያረጁ ሊቅ ናቸው፤ ያን ሰሞን ዘመድ ጥየቃ ከተማ መጥተው ነበር። ሽማግሌዎቹ ወደ መጋዘኑ ይዘዋቸው መጡ። አለቃ ገና ከመግባታቸው አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ከዚያ በመቋሚያቸው እያመለከቱ ይጠይቁኝ ጀመር። ይህ ምንድን ነው? በዚህ ምን ይደረጋል? የትኛው ጅማት ይሳባል? ሽማግሌዎቹ ፍርድ ይጠብቃሉ፣ እሳቸው መዘውሩን እያሽከረከሩ ይደነቃሉ። በመጨረሻ ጠፍሩን ራሳቸው ይዘው ሁለት ሦስት ጊዜ ሳቡት።

"ከማኅሌት ይቀላል" አሉ።

ከዚያ ቢተውን አስጠሩት። "በማርያም ዕለት ያደረግኸውን አሁን አድርገው።"

ቢተው መጁን አነሣ፣ አወረደ፣ አነሣ፣ አወረደ።

"ዱቄቱ የታለ?" አሉት አለቃ።

"አልፈጨሁም፣ አባታችን።"

"ድንጋዩንስ የት አደረስኸው?"

"ካነሣሁበት መለስኩት።"

አለቃ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። "አልፈጨ፣ አላረሰ፣ አልፈለጠ። ድንጋዩ ያው ቦታው ነው። ታዲያ ምን ሥራ ሠርቶ ነው በዓል የሻረ?"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዱ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ በሆዴ ተረፍን አልኩ።

"ሠርቻለሁ፣ አባታችን" አለ ቢተው።

እግሩን ልረግጠው ፈለግሁ፤ ራቀብኝ።

"ጨዋታ ነው ብል በማርያም ፊት እዋሻለሁ። አልቦኛል። ከእርሻ ቀን የባሰ ደክሜያለሁ። ድንጋዩማ ቦታው ነው፤ የተሠራው እጄ ነው።"

አለቃ መቋሚያቸው ላይ ተደገፉ። ከዚያ ከሽማግሌዎቹ መካከል በልጅነታቸው ድቁና የነበራቸውን አንዱን ጠየቁ።

"ጌታችን እጁ የሰለለችውን ሰው የፈወሰው በምን ቀን ነበር?"

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። "በሰንበት ነበር" አሉ።

"እስኪ እጅህን አሳየኝ" አሉት አለቃ ቢተውን። ቢተው አነሣ። አገጩ ጋ ሲደርስ ተንቀጠቀጠና ቆመ።

"ገና ነው።"

"ገና ነው፣ አባታችን።"

"እንግዲያ ይህን ቤት ብትዘጉ የምትዘጉት እጁ ላይ ነው" አሏቸው። "በረዶውን ስለምን እንዳወረደው እግዚአብሔር ያውቃል። እኔ የማውቀው ጓያ የሚዘራበት ጊዜ አለማለፉን ነው።" ወደ እኔና ወደ ተማሪዎቼ መለስ አሉ። "እናንተ ደግሞ፣ ይህን ሁሉ ጉልበት ይዛችሁ ድንጋይ አንሥታችሁ ከምትመልሱ፣ ውረዱና እርዷቸው።"

ወረድን። በረዶ የመታውን ማሳ በጓያ ለማልበስ ተማሪው ሁሉ ወጣ፤ አቶ ሰይድ ዘሩን ሰጠ። በሬ ያነሰበት ቦታ በመቆፈሪያ ቆፈርን። እኔ አንድ ጊዜ እርፍ ብይዝ በሬዎቹ ዞረው አዩኝና ቆሙ፤ ገበሬዎቹ በእኔ ሳቁ፤ በረዶው ከወረደ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቃቸው መሆን አለበት።

ከሰዓት በኋላ ቢተው በሬዎቹን ጠምዶ ማሳው ገባ። የአጎቱ ልጅ ከድንበሩ ላይ ቆሞ ያያል። አያ ዋሴ ከጎኔ ናቸው። ቢተው ጅራፉን በግራው ያዘና ቀኙን እርፉ ላይ አሳረፈ፤ ተጫነው። ማረሻው አፈር ገባ። ትልሙ ጠማማ ነበር። እኔ ትልሙን አላየሁም፤ ክንዱን ነው የማየው። ማሳው ጫፍ ሲደርስ ማረሻውን ከመሬት ነቅሎ፣ አንሥቶ መዞር አለበት፤ ከባዱ እሱ ነው። ሳያስበው፣ መጁን እንደሚያነሣው አድርጎ፣ በቀኙ ነቀለና አዞረው።

የአጎቱ ልጅ "ትልምህ ጠማማ ነው" አለና ወደ ቤቱ ሄደ። አያ ዋሴ ክንዴን ጨበጡት። አለቀስኩ፤ ለምን እደብቃለሁ።

ከዚያ በኋላ ጉልበት ቤቱ ይዘጋ ያለ የለም፤ ቢተውም ወደ ወንፈሉ ተመለሰ። መጅ መያዝ ያፈሩ የነበሩት ልጆች ቀለል ባለው መጅ ይጣሉ ጀመር። አያ ዋሴ የገጠሙትን ሁሉ ይልኩልኛል። አለቃ እንኳ ጀርባቸውን የሚያማቸውን የድጓ ተማሪዎች ላኩብኝ፤ አንዱ እየተንጠለጠለ ዜማ ይቀጽል፣ እየደጋገመም ያጠና ነበር።

ወደ ሌላ አውራጃ ስዛወር ዲሬክተሩ ያንኑ ጥያቄ በፈገግታ ደገመልኝ። ምን እንደጨመርኩላቸው አሁንም አላውቅም፤ መሣሪያውን አቀረብኩ፣ ምን እንደሚያደርጉበት እነሱ ያውቁ ነበር። ለወጣት ባልደረቦቼ የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ጉልበት ቤት የሚከፍት ሰው አስቀድሞ የአካባቢው ሰው ምን ማንሣት እንዳቃተው ይጠይቅ። ክብደቱ ከዚያ በኋላ ይገኛል።