መሬት ላይ የተነጠፈው ጣሪያ

የሳር ቤታችን በበጋ ተቃጥሎብን፣ ከገንዳ ውሃ ከተማ ዳር አዲስ ግድግዳ አቁመን፣ ክረምቱ ሳይገባ ቆርቆሮ ለማልበስ የምንጣደፍበት ጊዜ ነበር። ባለቤቴ እርሻ ላይ ነው። እኔ ከጨቅላ ልጄ ጋር ግድግዳው አጠገብ፣ ራኩባ በምንለው የላስቲክ ጥላ ሥር ከርሜያለሁ። የቆላ ዝናብ ላስቲክን ምን እንደሚያደርገው የኖረበት ያውቃል። ልጄን ደግሞ ከወዲሁ ሳል ጀምሯታል።

አናጢያችን ከጎጃም የወረዱ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ልማድ አላቸው፤ ቆርቆሮው በሙሉ እንደ ጣሪያው አድርገው መሬት ላይ ሳያነጥፉት መሰላል አይወጡም።

«ምናለ አባቴ፣ ያለውን እየመቱ ቢጠብቁ?» አልኳቸው።

«ግማሽ የለበሰ ጣሪያ ንፋስ መጥሪያ ነው፣ እታለም። የሚጎድል ካለ መሬት ላይ ሳለሁ ይጉደልብኝ።»

ጎደለም። ሱቅ ውስጥ ቆጥረን፣ መኪና ላይ ስንጭን ቆጥረን፣ ሲነጠፍ ግን አንድ ቆርቆሮ ጎደለ። ከተማው ሱቆች ብናስጠይቅ አልቋል። ከጎንደር የሚመጣው መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቶ ዛሬ ነገ ይባላል። ሽማግሌው ከሁለቱም ጫፍ ጀምረው ወደ መሀል ስለሚያነጥፉ ጎዶሎው መሀል ላይ ቀረ። ዙሪያው ሁሉ ሲያብረቀርቅ እዚያ ብቻ ጥቁር አፈር፤ ቁመቱም ስፋቱም የተኛ ሰው ልክ።

አንዲት ጎረቤቴ አይታ አማተበች። «ደግሞ ማንን ልትቀብሩ ነው?» አለችና ከዚያ ወዲያ በሌላ መንገድ ትዞር ጀመር።

ፀሐይ ስትበርድ ቆርቆሮው ቋ፣ ቋ ይላል። ብረት ሲቀዘቅዝ እንዲህ እንደሚል አውቃለሁ። ግን ድምፁ ከዳር ተነስቶ፣ እንደ እርምጃ እየቀረበ ሄዶ፣ ጎዶሎው ጋ ሲደርስ ያቆማል። ልጄም ጡቴን ለቃ ወደዚያ ታያለች።

ማዶ ቤት የሚሠራ አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ይስቅብን ነበር። እሱ ከዚያው ሱቅ የገዛውን አስመትቶ፣ ቀሪው እስኪመጣ የጣሪያውን ግማሽ ክፍት ትቶታል።

«አያ፣ ቤቱን ለፍልፈል ነው የሚሠሩት?» ይላቸዋል።

«አንተስ ለአሞራ ነው?» ይመልሱለታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሱዳን በኩል ቀይ አቧራ እንደ ግድግዳ ቆመ። ሱዳኖቹ ሀቡብ የሚሉት ነው። አገሩ ጨለመ። ሽማግሌው ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ እየጫኑ «ጥግ! ጥጉ ጋ ግቢ!» ብለው ላስቲኩን ጣሉብን። ልጄን ደረቴ ሥር ሸሽጌ ተኮራመትኩ። ማዶ ሚስማር ሲነቀል ተሰማኝ፣ ልክ እንደ ጥርስ። ከዚያ አንድ ከባድ ነገር እንደ ትልቅ ክንፍ እየተርገበገበ በላያችን አለፈ። ሲወድቅ ግን አልሰማሁም።

አቧራው ሲገለጥ ሽማግሌው ደርቀው ቆመዋል። ጎዶሎው ሞልቷል። የማዶው ቆርቆሮ እቦታው ገብቶ፣ ሸንተረሩ ከጎኖቹ ሸንተረር ጋር ገጥሞ፣ አንድም ቦታ ሳይጣመም ተኝቷል።

ነጋዴው ጣሪያው ተገሽልጦበት አቧራ እንደለበሰ መጣ።

«ያንተ ነው፣ ውሰደው» አልኩት።

አየው። ወደ ኋላው ሸሸት አለ። «ቦታውን መርጦ የተኛን? ቤቴማ አላስገባውም!»

ንፋሱን ያልፈሩት ሽማግሌም መዶሻቸውን እንደታቀፉ «ሌላ እንጠብቅ፣ እታለም» አሉ።

አንዲት ጠብታ ልጄ ግንባር ላይ አረፈች። ሳሏም ተነሳባት።

«ይምቱት አባቴ» አልኩ። «ልጄን ይሸፍንልኝ እንጂ ከየትም ይምጣ።»

ደመናው እንዳንዣበበ አደረ። በማግስቱ እኔ ከታች እያቀበልኩ፣ እሳቸው ከላይ እየመቱ ዋልን። ዝናቡ የወረደው የመጨረሻው ሚስማር ሲገባ ነው። ልጄ አንዲት ጠብታ ሳትነካት አደረች፤ ሳሉም ቀስ በቀስ ለቀቃት።

ቤቱ ዛሬም አለ። ሲመሽ ጣሪያው ከዳር ጀምሮ ቋ፣ ቋ ይላል፤ እዚያ ቆርቆሮ ላይ ሲደርስ ያቆማል። ልጄ አድጋለች፣ አልጋዋም እዚያው ሥር ነው። ድምፁ ሲያቆም «ይኸው ተኛ» ትላለች፤ ከዚያም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ እሷም ትተኛለች።