ጎህ ሲቀድ ደጅ የቆመው ጥቁር ፖፕሊን

ሶዶ ውስጥ በጋሽ ታፈሰ ልብስ ስፌት ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት መርፌ አልነካሁም። ጋሽ ታፈሰ የተለያየ ብትን ጨርቅ ጭኔ ላይ ዘርግፈው «ዓይንህን ጨፍንና በጣትህ ለይ» አሉኝ። ፖፕሊኑን አቡጀዲ ብዬ ስጠራ በረንዳው ላይ ተራ የሚጠብቁት ደንበኞች ሳቁ። አማርኛዬ ገና ስለነበር የሳቁት በጨርቁ ይሁን በአፌ አላወቅኩም። ለማንኛውም በሁለቱም አፍሬ ዋልኩ።

የዚያ ቤት ማዕረግ እንደ ጦር ሠራዊት ነበር። ጀማሪ ቁልፍ ይተክላል፣ ከሰል አቀጣጥሎ ካውያ ያግላል። ሲበረታ ጠርዝ ይዘመዝማል። ከዚያ የእግር መኪና ላይ ይቀመጣል። መቀስ የሚይዘው ቆራጩ ብቻ ነው፤ የተበላሸ ስፌት ይተረተራል፣ መቀስ ያበላሸው ጨርቅ ግን ምንም አይደረግም። እኔም መቀሱ እጄ እስኪገባ በርከት ያሉ ዓመታት ፈጀብኝ። ይህ የምነግራችሁ ነገር የደረሰው ቆራጭ በሆንኩ ሰሞን፣ በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ ውስጥ ነው።

አንድ ቀን መምህር ጌታሁን መጣ። የከተማው መምህራንና የቢሮ ጸሐፊዎች የእግር ጉዞ ማኅበር አቋቁመው እሱን ሊቀመንበር አድርገውታል። በበዓል ቀን ተራራ ወጥተው መመለስ ነው ሥራቸው። ያኔ ይህ ለሶዶ ሰው አዲስ ነገር ስለነበር «ምን ከብት ጠፍቶባቸው ነው?» እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር። መጀመሪያ የሚወጡት ዳሞታን ነው፤ ከበረንዳችን ቀና ሲሉ የሚታየውን ተራራ። ለዚያ ቀን አንድ ዓይነት ሸሚዝ ማሰፋት ፈለጉ፤ የደረት ኪሱ ላይ በነጭ ክር የተራራ ጥልፍ ያለበት።

የጨርቁ ምርጫ ግማሽ ቀን ወሰደብን። መምህር ጌታሁን ነጭ አቡጀዲ ይሁን አለ። ጋሽ ታፈሰ አቡጀዲውን ውኃ ነክረው ክንዳቸው ላይ አለበሱት። የክንዳቸው ጠጉር ሳይቀር ታየ። «ዝናብ ከመታችሁ ራቁታችሁን ነው የምትወርዱት» አሉት።

ናይለን ያኔ አዲስ መጥቶ ሁሉም ይመኘው ነበር። ክሩን መዝዤ ክብሪት ለኮስኩበት፤ ቀልጦ ተንጠባጠበ። «እሳት ዳር ልትቀመጡ ከሆነ ይቅርባችሁ። ላብም አይጠጣም» አልኩት።

ካኪውን ያነሱት ጋሽ ታፈሰ ነበሩ፤ ለጫካና ለድንጋይ የሚሆን እሱ ነው ብለው። መምህር ጌታሁን ግን «ካኪ ለብሰን ከወጣን ግብር ሰብሳቢ መጣ ተብሎ የተራራው ሰው ሁሉ እንሰት ውስጥ ይደበቃል» አለ። ሦስታችንም ሳቅን። ዛሬ የሚገርመኝ ይኸው ሳቅ ነው። የተራራው ሰው በምን ዓይን እንደሚያየን አስበን ነበር ማለት ነው።

የቀረው ጥቁር ፖፕሊን ነበር። ጭቃ አያሳይም፣ ላብ ይጠጣል፣ ገላ ላይ ይለሰልሳል፣ ነጩ ጥልፍ ደምቆ ይታይበታል። ጋሽ ታፈሰ ጥጉን በምራቃቸው አርሰው በነጭ መሐረብ ፈተጉት። መሐረቡ ነጭ እንደሆነ ቀረ። «ይኼ ቀለም ከባለቤቱ በኋላም ይኖራል» አሉ። ምርጫው በዚሁ አለቀ።

በሙያችን ልማድ ከሥራ የሚተርፍ ቁራጭ የቆራጩ ነው። እኔም ለማኅበሩ በሙሉ ደራርቤ ስለቆረጥኩ ደህና ቁራጭ ተረፈኝ። ሻሽ አደረግኩትና ጠርዙን በእጄ ዘመዘምኩት። ለእናቴ ነው። እናቴ ከእኔ በቀር ልጅ የላትም። የምትኖረው ዳሞታ ወገብ ላይ፣ ተጓዦቹ በሚያልፉበት መንገድ ዳር ነው። ሥራ በዝቶብኝ ካየኋት ሰነባብቻለሁ።

መምህር ጌታሁን ሸሚዞቹን ሊወስድ ሲመጣ «እናቴ ቤት አረፍ በሉ። የተቀቀለ ቦይና አታጣላችሁም» አልኩት። ቦይና ሌላው አገር ጎደሬ የሚለው ነው። ሻሹንም ሰጠሁት። «ልጅሽ ላከልሽ ብለህ ስጥልኝ።»

«በደስታ» አለና አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

ፀሐይ ሳትበረታ ጫፉ ላይ ለመድረስ በማግሥቱ ጎህ ሳይቀድ ወጡ። እኔ እንደ ልማዴ ጠረጴዛዬን ጠርጌ፣ ጠመኔና ሜትር አዘጋጅቼ የአንድ ሰው ኮት መቁረጥ ጀመርኩ። ቀና ብዬ ተራራውን ሳይ ደመና የለበትም። ቀናቸው ብዬ ደስ አለኝ።

ረፋዱ ላይ ከዳገቱ በኩል ለቅሶ ተሰማ። የአንድ ቤት ለቅሶ አልነበረም፤ ከመንደር መንደር እየተቀባበለ የሚወርድ ነበር። ለቅሶ በደጅ ሲያልፍ በእኛ ቤት መኪና ሁሉ ይቆማል። ጋሽ ታፈሰ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔ መቀሴን አስቀምጬ ወጣሁና እንደ ወጉ ጥቂት ልሸኝ ከኋላ ተከተልኩ። ከፊት ያለውን ሰው በአቧራውና በብዛቱ መለየት አይቻልም።

አጠገቤ የገበያ ቅርጫቷን እንደያዘች የተቀላቀለች ሴት ነበረች። አላውቃትም። በቋንቋችን «ማን ነው የሞተው?» አልኳት።

ቀና ብላ ሳታየኝ «ልብስ ሰፊው ዳና ነው» አለችኝ። «ለእናቱ እሱ ብቻ ነበር። ምስኪን።»

ዳና እኔ ነኝ።

ክው አልኩ። እግሬ ግን አልቆመም፤ ከሰዉ ጋር መሄዱን ቀጠለ። የራሴን ለቅሶ እየሸኘሁ ነበር። ሌላ ዳና የሚባል ሰፊ ይኖር ይሆን ብዬ አሰብኩ። ከተማው ውስጥ የለም። አንገቴን አስግጌ ወደ ፊት ሳይ እናቴን አየኋት። ሁለት ሴቶች ብብቷን ይዘው ደግፈዋታል። ወገቧን በጥቁር ሻሽ ታጥቃለች። ዝምዝማቱ የእኔ ነው።

ልጮህ አፌን ስከፍት አንድ እጅ ከኋላ መጥቶ ያዘው። ጋሽ ታፈሰ ናቸው። እሳቸውም ወሬውን በረንዳው ላይ ሰምተው ደርሰውብኛል። «ዝም በል። ድንገት ብታይህ ልቧ ቀጥ ይላል» አሉኝ በጆሮዬ። በጓሮ አዙረው ካውያ የምናግልባት ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገቡኝና በሩን ዘጉ። እዚያ ከሰሉ መሀል ቁጭ ብዬ ራሴን ነካሁ። ሞኝነት ነው፤ ግን ነካሁ።

እናቴን በረንዳው ላይ አስቀመጧት። አስከሬኔ ያለው እዚህ ነው ብላ ነው የመጣችው። ጋሽ ታፈሰ የእናቴን ጸሎት ቤት ሽማግሌ ወደ ጎን ጠርተው ነገሯቸው። ሁለቱም እንዴት እንደሚነግሯት ጨነቃቸው። በመጨረሻ የሚያውቁት መንገድ አንድ ብቻ ሆነ፤ መርዶ እንደሚያረዱ አድርገው ሊነግሯት ተስማሙ። ውኃ አጠጧት፣ ክንዷን ግራና ቀኝ ያዙ፣ ሽማግሌው ፊቷ ቆሙ። በጭቃው ግድግዳ በኩል ሁሉንም እሰማለሁ።

«አይዞሽ። የምንነግርሽ ነገር አለ» አሏት።

«ደግሞ ማን ቀረኝ?» አለች እናቴ።

«ልጅሽ አልሞተም።»

«አታታሉኝ። ጥቁሩን አምጥተው ሰጥተውኛል።»

ይህን ስሰማ መቆየት አልቻልኩም። በሩን ገፍቼ ወጣሁ። ሰዉ ለሁለት ተከፈለ፤ አንዳንዱ ወደ ኋላ ሸሸ። እናቴ አላቀፈችኝም። እጄን ስባ መርፌ ያደነደነውን ጣቴን እየደጋገመች ዳበሰችው። ከዚያ በጥፊ መታችኝ። ያቀፈችኝ ከጥፊው በኋላ ነው።

መምህር ጌታሁንና ጓደኞቹ ከሰዓት በኋላ ወረዱ። ጫፉ ላይ አልደረሱም። በካናቴራ ናቸው፤ ጥቁሩን ሸሚዝ ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ይዘውታል። መምህር ጌታሁን በረንዳው ላይ ሲያየኝ ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ደጃቸው ስንደርስ ገና እየነጋ ነበር» አለ። «ዳገቱ ትንፋሽ አሳጥሮን ሁላችንም ዝም ብለን ተደርድረን ቆምን። ባርኔጣዬን አወለቅኩና የዳና እናት እርስዎ ነዎት ወይ አልኳቸው። ፊታቸው ሲለዋወጥ ያመማቸው መስሎኝ፣ እማማ ይቀመጡ አልኩ። ከዚያ ሻሹን አወጣሁ።» የያዘውን ሸሚዝ መሬት ላይ አኖረ። «አልሞተም ብለን ብንጮህ ማን ይስማን? ለቅሶው ጎረቤት ደርሶ፣ የሚመጣው ሰው መውረጃውን ዘግቶብን ነበር» አለ።

ጋሽ ታፈሰ ወንበር ሰጡት። ተቀምጦም አላረፈም። «አባቴ ሲሞት እናቴን ያረዷት እንደዚያው ነበር። ደጅ ቆመው፣ ባርኔጣ አውልቀው፣ ተቀመጪ ብለው። አይቻለሁ እኮ ጋሽ ታፈሰ። እንዴት አላሰብኩትም?»

ጨርቁን አርሰነዋል፣ አቃጥለነዋል፣ ፈትገነዋል። ጥቁር የለበሱ ሰዎች ጎህ ሲቀድ አንዲት እናት ደጅ ላይ ቢቆሙ ምን እንደሚመስሉ ግን፣ መርዶ እያወቅን ካደግነው ከሦስታችን አንዳችንም አላሰብንም። ይህን ባስታወስኩ ቁጥር እስከ ዛሬ እደነግጣለሁ።

ሸሚዞቹን የተራራ ጉዞ ላይ ዳግመኛ የለበሳቸው የለም። ጥልፉን ተርትሬ አወጣሁላቸውና ለቅሶ መድረሻ ሆኑ። ጋሽ ታፈሰ እንዳሉት ቀለሙ አልለቀቀም። ለሁለተኛው ጉዞ አረንጓዴ ፖፕሊን ተመረጠ፤ መምህር ጌታሁን በዚያ ቀን ስለ ጥንካሬው አንድም ነገር አልጠየቀም።

እናቴ ያን ዕለት ወደ ዳገቱ ከመመለሷ በፊት ሻሹን ከወገቧ ፈትታ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው።

«ጨርቁ ጥሩ ነው» አለችኝ። «ግን ሁለተኛ በሰው እጅ አትላክልኝ። ይዘኸው የመጣኸው አንተ ብትሆን ጥቁርነቱ መች ይታየኝ ነበር?»

ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ጨርቅ ሲመርጥ ከጥንካሬውና ከቀለሙ በፊት የምጠይቀው «ይህን ለብሰህ ማን ደጅ ትቆማለህ? በምን ሰዓት?» ብዬ ነው። ለእናቴ የሰፋሁትን ልብስ ግን፣ በሕይወት እስካለች ድረስ፣ ዳሞታን እየወጣሁ በእጄ ሰጠኋት።