የሞተር መብራት የምትገጥመው ሴት

ይሄነው ለሞተር ሳይክሉ ከደሴ ያመጣውን ትልቅ የፊት መብራት መካነ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ለምትሠራ አንዲት ሴት ሰጣት። እጅጌው የታጠፈ ሰፊ የወንድ ጃኬት ለብሳለች። ገመዱን ከባትሪው ሳበች፣ ፊውዝ አስገባችለት፣ መጋጠሚያውን በፕላስተር ጠቀለለች። አመሻሽ ላይ ስታበራው ማዶ ያለው ግድግዳ ቀን መሰለ።

«እሰይ! እንዲሁ ይተዉልኝ፣ እትዬ» አለ ይሄነው በደስታ።

እሷ ግን መፍቻዋን አንስታ ብርሃኑን ወደ መሬት ዝቅ አደረገችው።

«ከፊትህ የሚመጣውም ሰው ነው። ባለቤቴን ገደል የከተተው ፊት ለፊት ያፈጠጠበት መብራት ነው።»

ሴትዮዋ ቀና ብላ እጇን በጨርቅ ጠረገች።

«በዚህ ሁሉ የወግዲ መንገድ ግን፣ እኔ የገጠምኩት መብራት የማንንም ዓይን ወግቶ አያውቅም» አለች፣ ሞተሩን ወደ መንገዱ እያዞረችለት።