መብራቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ

ከጊንጪ ወዲያ ባለች ትንሽ ከተማ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘበኛ ሆኜ ስሠራ ልጄ እዚያው ዘጠነኛ ክፍል ገባች። እስከ ስምንተኛ በኦሮምኛ ስትማር ጎበዝ ነበረች። ዘጠነኛ ላይ ትምህርቱ እንግሊዝኛ ሆነ፣ አስተማሪውም ፕላዝማ ሆነ። ፕላዝማ ማለት ክፍል ውስጥ የተሰቀለ ትልቅ ቴሌቪዥን ነው። በውስጡ ያለው መምህር ያወራል እንጂ ልጆቹን አያያቸውም።

ልጄ ዝምተኛ ሆነች። ምን ሆነሽ ስላት፣ ሰውየው ይጠይቀንና ገና አፋችንን ሳንከፍት "በጣም ጥሩ" ብሎ ያልፋል አለችኝ። ማንን ነው በጣም ጥሩ ያለው? እሷም አታውቅም። በመጨረሻ፣ መንፈቀ ዓመቱ ሲያልቅ ትቼው እጃጂ ከተማ አክስቴ ጋ እሄዳለሁ፣ ሱቅ እጠብቅላታለሁ አለች። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ እሱንም ግማሹን። እሷም ግማሽ ላይ እንድትቀር አልፈለግኩም።

ክፍሉ ውስጥ ሰው የሆነ መምህርም አለ እኮ። የሒሳቡ መምህር ከአምቦ የመጣ ወጣት ነው፣ ጠዋት ጠዋት "አካም ቡልተን ኦቦ" ብሎ እንዴት አደሩ ሳይለኝ አያልፍም። አንድ ቀን በሩ ላይ አቆምኩትና ልጄ ትምህርት ልታቆም ነው፣ እባክህ አናግራት አልኩት።

"የትኛዋ ናት ልጅዎ?" አለኝ።

አራት ወር አስተምሯታል። ስሟን ነገርኩት፣ መስኮቱ ጋ የምትቀመጠው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፣ ግን እንዳላወቃት ገባኝ። ምን ላድርግ ኦቦ፣ ሰዓቱን ፕላዝማው ይወስደዋል፣ የኔ ሥራ ማብራትና ማጥፋት ሆኗል አለኝ።

ማጥፋት ከሆነማ እኔም እችላለሁ። የግቢው ዋና ማጥፊያ ያለው ጥበቃ ቤቴ ግድግዳ ላይ ነው። በማግስቱ ሒሳብ ሲጀመር እጄን ሰደድኩና አጠፋሁት።

ሄጄ በመስኮት አየሁ። መጀመሪያ መምህሩ የፕላዝማውን ገመድ ነካካ። ልጆቹ ተንጫጩ። ቆይቶ ጠመኔ አነሳ። ቆይቶ ደግሞ በወንበሮቹ መሀል ገብቶ ደብተር ማየት ጀመረ። የኔዋ ጋ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ቆየ። ምን እንዳላት አልሰማሁም።

አራት ቀን አጠፋሁ። በአምስተኛው ቀን ዳይሬክተሩ መጣ። ከአጥራችን ማዶ ወፍጮ ቤቱ ይጮሃል።

"ኦቦ፣ ወፍጮው እየፈጨ የኛ መብራት ብቻ እንዴት ነው የሚጠፋው?"

"እኔ ነኝ የማጠፋው።"

እንድዋሽ ጠብቆ ነበር መሰለኝ። ትምህርት አስተጓጎሉ ብሎ ተቆጣ። አላስተጓጎልኩም፣ መምህሩን ነው ያስጀመርኩት አልኩት። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈብኝ፣ ማጥፊያውንም በሳጥን ቆለፈበት። ልጆቹ ልጄን "የመብራት አጥፊው ልጅ" እያሉ አላገጡባት፤ አንድ ሳምንት አኮረፈችኝ።

የሒሳቡ መምህርም መጣ። የሠሩት ጥፋት ነው አለኝ። እሺ አልኩት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"ክፍልፋይ ነው የጠፋባት፣ ከታች ክፍል ጀምሮ። ሌላውን ትችላለች" አለኝ።

ፕላዝማው ካለቀ በኋላ አሥር ደቂቃ ይተርፋል። በፊት በሩን ተደግፎ ደወል ይጠብቅበት ነበር፣ አሁን ደብተር ያይበታል። አሥር ደቂቃው ግን መጀመሪያም ነበረ እኮ። የሚያናድደኝ እሱ ነው። ማንም አልከለከለውም።

ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሲከፈት ልጄ ደብተሯን ይዛ ገባች። እጃጂን አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁባት። ግን የፊዚክሱን መምህር በር ላይ አቁሜ ስሟን ታውቀዋለህ ወይ ስለው፣ የማንን አለኝ። ስሟን ነገርኩት፣ እሺ ብሎ አለፈ። በማግስቱ ብጠይቀው ረስቶታል። እንደገና ነገርኩት። አሁን ከሩቅ ሲያየኝ መንገድ ሊቀይር ይሞክራል፤ የግቢው በር ግን አንድ ነው።