ረዳት አብራሪው ቲቸር

ወንድሜ የፊዚክስ መምህር ነበር፤ ያውም ተማሪው ኮቴውን ሲሰማ ቀጥ የሚልለት። ክፍል ሲገባ ሁሉም ብድግ ካላለ ትምህርት አይጀምርም። አንዱን ቀጭን ልጅ፣ ዘግይተህ ተነሳህ ብሎ ክፍለ ጊዜውን ሙሉ እንዳቆመው እየሳቀ ያወራልን ነበር። እኛም አብረን እንስቃለን።

ጸጉሩ መሸበት ሲጀምር «አብራሪ እሆናለሁ» ብሎ ቁጭ አለ። እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ፤ አፌ አያርፍም። «ሰው በዚህ ዕድሜው ጉልበቱን ያስታምማል፤ አንተ ክንፍ አማረህ?» አልኩት። ሚስቱ ደግሞ አኮረፈች። እሱ እንደሆነ አንዴ ከቆረጠ ቆረጠ ነው። ማሠልጠኛ ገብቶ በዕድሜ ልጆቹ ከሚሆኑ ወጣቶች ጋር ተማረ፤ በትናንሽ ከተሞች መሃል የሚመላለስ አየር መንገድም ረዳት አብራሪ አድርጎ ቀጠረው። ዩኒፎርሙን ለብሶ ቤቴ የመጣ ዕለት አለቀስኩ። እንደዚያ ቀን አምሮበት አያውቅም።

ቅጥሩ ግን የሙከራ ነበር፤ ችግሩም ማሳረፍ ላይ ነው። አውሮፕላኑን ቶሎ መሬት አያስነካም፤ የማረፊያው አስፋልት እያለቀ ያንሳፍፈዋል። ካፒቴኑ አንዴ መሪውን ከተቀበለው ነገሩ ለአለቆች ይነገራል፤ ወንድሜም ወደ ጠመኔው ይመለሳል። ይህን እሱም፣ እኛም፣ ካፒቴኑም እናውቃለን።

ካፒቴኑ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያ ዘግይቶ የተነሳው ልጅ! ወንድሜ የአብራሪዎች ክፍል ሲገባ ዛሬም ከወንበሩ ብድግ ይልለታል። «ኧረ ተው፣ አሁን እኮ አለቃዬ ነህ!» ሲለው «ለምዶብኝ ነው ቲቸር» ይላል። ወንድሜ ይህን ሲያወራ ደረቱ ይነፋ ነበር። ከመሃላችን አንድ እንኳ የፈራ ሰው አልነበረም።

ያን ቀን ዝናብ ነበር። የማሳረፉ ተራ የወንድሜ ነው። የአስፋልቱ ግማሽ አልፎም አውሮፕላኑ ገና አየር ላይ ነበር። ካፒቴኑ «ልቀቅ፣ እኔ ይዣለሁ» ማለት ነበረበት። ደንቡ ይሄው ነው፤ ይህ ከተባለ ማንም ይሁን ማን እጁን ያነሳል። ልጁ ግን «ቲቸር፣ ትንሽ አልረዘመብዎትም?» አለ።

«አውቄዋለሁ፣ ደርሻለሁ» አለው ወንድሜ።

ልጁም መሪውን ተወለት። እንዲህ ያለውን አክብሮት መሬት ይብላው!

ጎማው ሲነካ ፍሬኑ ውሃው ላይ አልይዝ አለ። አጥሩን ጥሰው ቦይ ውስጥ ገቡ። ተሳፋሪዎቹ በጭረትና በድንጋጤ ተረፉ፤ ወንድሜም ክንዱ ተሰበረ። በካፒቴኑ በኩል ያለው የአውሮፕላኑ አፍንጫ ግን ተጨፍልቆ ነበር።

ወንድሜን ይዤ ልጁን ልጠይቅ ሆስፒታል ሄድኩ። ኮሪደሩን ሙሉ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ» እያለ ነበር። በሩን ከፈትኩ። የልጁ እናት አልጋው አጠገብ ተቀምጣለች። ልጁ ወንድሜን ሲያይ ሁለት እጆቹን ፍራሹ ላይ ተክሎ ሊነሳ ታገለ። ላቡ በግንባሩ ወረደ። ከወገቡ በታች ምንም አልተንቀሳቀሰም።

እናቱ ደንግጣ ትከሻውን ያዘችው። «ምን ሆነሃል ልጄ? አትነሳም ተብለህ የለም እንዴ!»

«ቲቸር እኮ ናቸው፣ እማ» አላት።